«መጣሁ» እና ዐሥራ ስድስተኛው ቀን

የምክር ክፍሌ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ ጠባብ ክፍል ነው። ሁለት ወንበሮች፣ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ፣ መብራት ሲኖር የሚሽከረከር የጣሪያ ቬንትሌተር፣ የግድግዳ ሰዓትና የግድግዳ ካሌንደር አሉት። ከወንበሮቹ ቀጥሎ ለሥራዬ እጅግ የሚያስፈልገኝ ካሌንደሩ ነው። ከአንድ ሰው ጋር አብረን ለመሥራት በተስማማንበት ቀን ሁለታችንም ተነሥተን ከካሌንደሩ ፊት እንቆማለን፤ ዐሥራ ስድስት ሳምንት ቆጥረን፣ በዓል የሚውልበትን አሸጋሽገን፣ የመጨረሻዋን ቀን ስም ሳልጽፍባት በእርሳስ እከብባታለሁ። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ይደነግጣል። አንዲት እናት «ሳንገናኝ ነው እንዴ የምንለያየው?» ብለውኛል። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር፤ ሥራችንም የሚጀምረው ከዚያው ጥያቄ ነው።

የምከተለው አሠራር የአጭር ጊዜ ሳይኮዳይናሚክ ምክር ይባላል። ከሥራ ባልደረቦቼ መካከል ብዙዎቹ ይህን አሠራር ለረጅሙ ሕክምና አቅምም ጊዜም ለሌለው ሰው የተመጠነ፣ «ከምንም ይሻላል» የሚባል ነገር አድርገው ያዩታል። እኔ ግን በዚህች ከተማ በሠራሁባቸው ዓመታት የተረዳሁት ሌላ ነው። የጊዜው ማጠር ራሱ መሣሪያ ነው፤ በእጃችን ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ የሚሠራውም እርሱ ይመስለኛል። ሌሎቹ ዘዴዎች ሁሉ፣ ጥያቄው፣ ዝምታው፣ ከተነገረው ጀርባ ያለውን ገልጦ መናገር ማለትም ትርጓሜው፣ ኃይል የሚያገኙት የመጨረሻዋ ቀን ከፊታችን ተከብባ ስለምትታይ ነው።

በዚህ መንገድ የሚሠራ አማካሪ የሚነሣው ሰው በልጅነቱ ሊሸከመው ያልቻለውን ስሜት ከራሱ ይሸሽጋል፣ የተሸሸገው ስሜት ግን ስለማይሞት በትዳር፣ በሥራና በወዳጅነት ውስጥ መልኩን ለውጦ ይመለሳል ከሚል ሐሳብ ነው። ሰውየው ዛሬ የሚያደርገውን ለምን እንደሚያደርገው ራሱ አያውቅም፤ የሚያውቀው ውጤቱን ብቻ ነው። በረጅሙ የሥነ ልቡና ትንተና ታካሚው አልጋ ላይ ተጋድሞ፣ በሳምንት ብዙ ቀን እየመጣ፣ ለዓመታት ያሰበውን ሁሉ ይናገራል። በአጭሩ መንገድ ግን አማካሪና ተማካሪ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን ለ50 ደቂቃ ይገናኛሉ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት በኋላ አንድ ዋና ጉዳይ ይመርጡና ከዚያ ላለመውጣት ይጥራሉ። አማካሪውም ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ብቻ ሳይሆን የሚጠይቅ፣ የሚያያይዝና አንዳንድ ጊዜም የሚገዳደር ነው።

የዚህ ሥራ ታሪክ ራሱ የጊዜ ታሪክ ነው። የሥነ ልቡና ትንተና መሥራች ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1910 የሙዚቃ ደራሲውን ጉስታቭ ማህለርን በሆላንዷ የላይደን ከተማ እየተንሸራሸሩ አራት ሰዓት ያህል ብቻ አነጋግሮታል። በኋላ ሕክምናው እየረዘመ ሄደ፤ ሆኖም «የተኩላው ሰው» በሚል ስም በሚታወቀው ሩሲያዊ ታካሚው ላይ ሥራው ለዓመታት አልንቀሳቀስ ሲለው ፍሮይድ ራሱ የማብቂያ ቀን ቆረጠ፤ ከዚያ በኋላ ተቆልፎ የነበረው ነገር ሁሉ መውጣት እንደ ጀመረም ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የፍሮይድ ባልደረቦች ሻንዶር ፈረንትሲና ኦቶ ራንክ ሕክምናው እንዲያጥርና ሐኪሙ ንቁ ተሳታፊ እንዲሆን ተከራከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ፍራንዝ አሌክሳንደርና ቶማስ ፍሬንች በቺካጎ ሰው የሚድነው ስለ ቀድሞው ቁስሉ በማወቅ ብቻ ሳይሆን ያ ቁስል በደረሰበት ዓይነት ግንኙነት ውስጥ ዳግመኛ ገብቶ የተለየ ፍጻሜ ሲያገኝ ነው አሉ። ከዚያ በለንደን ታቪስቶክ ክሊኒክ ማይክል ባሊንትና ዴቪድ ማላን፣ በቦስተን ፒተር ሲፍኒዮስና ጄምስ ማን፣ በሞንትሪያል ሐቢብ ዳቫንሉ፣ በፊላደልፊያ ሌስተር ሉቦርስኪ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መንገድ ቀየሱ።

ከእነዚህ ሁሉ እኔ በጣም የምቀርበው ጄምስ ማንን ነው። ማን ሕክምናውን በ12 ጊዜ ወስኖ፣ የመጨረሻዋን ቀን ከመጀመሪያው ለታካሚው ይነግር ነበር። ምክንያቱን ሲያስረዳ በእያንዳንዳችን ውስጥ ሁለት ዓይነት ጊዜ አለ ይላል፤ አንደኛው የሕፃን ጊዜ ነው፤ ማብቂያ የለውም፣ እናት ሁልጊዜ አለች፣ ነገ ሁልጊዜ አለ። ሁለተኛው የአዋቂ ጊዜ ነው፤ በሰዓትና በካሌንደር የሚቆጠር፣ ሞትና መለያየት ያለበት ጊዜ። ወደ ምክር የሚመጣ ሰው የሕፃኑን ጊዜ ተስፋ አድርጎ ይመጣል፤ የተከበበችው ቀን ግን ወደ አዋቂው ጊዜ ትጠራዋለች፤ በሁለቱ መካከል የሚነሣው ሕመም ነው እንግዲህ የሥራችን ዋና ነገር።

ይህን በአንድ ሰው ታሪክ ላሳይ። የምተርከው የአንድ ግለሰብ ታሪክ አይደለም፤ ከበርካታ ሰዎች የተሰባሰበ ሲሆን ማንንም ሊያሳውቅ የሚችለውን ሁሉ ለውጬዋለሁ። ወጣቱ ዕድሜው ሃያ ሰባት ዓመት ገደማ የሆነ ነጋዴ ነው። እንቅልፍ እንደማይወስደውና ሦስተኛዋን እጮኛውን ሽማግሌ ሊላክ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ «ተይኝ» ብሏት እንደ ተለያዩ ነገረኝ። ሦስቱም ጊዜ የሆነው ተመሳሳይ ነው፤ ሦስቱም ጊዜ የሄደው እርሱ ነው። ይህን ሁሉ የነገረኝ እየሳቀ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት እናቱን አነሣ። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታየው የደቻቱ ወንዝ ከደጋው በወረደው ውኃ ሌሊቱን ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድ እርሱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ጩኸት ሲሰማ እናቱ ጎረቤት የምትኖረውን አሮጊት ለማውጣት ወጣች። በአማርኛችን የሚሄድ ሰው «ሄድሁ» አይልም፤ «መጣሁ» ነው የሚለው፤ እርሷም በሩ ላይ ሆና ያለችው ያንኑ ነው። «መጣሁ» አለችው፤ አልተመለሰችም። እርሱን ጎረቤቶች ከጣሪያ ላይ አወረዱት። በአገራችን ለአዋቂ መርዶ ሲነገር ወገን ተሰብስቦ፣ ሰዓት ተመርጦ፣ ሰውየው ተይዞ ነው፤ ለልጅ ግን መርዶ አይነገርም። አያቱ «እናትህ ጅቡቲ ሄዳለች፣ በባቡር ትመጣለች» አሉት። ልጁም ባቡር ጣቢያ እየሄደ መጠበቅ ጀመረ። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ትምህርት ቤት ውስጥ በጠብ መካከል አንድ ልጅ «እናትህን ጎርፍ በላት» ሲለው እውነቱን ሰማ። ቤት ገብቶ አያቱን አልጠየቃቸውም። «ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት» አለኝ፤ አሁንም ፈገግ ብሎ።

«ሆድ ይፍጀው» የምትለዋ አባባል ላይ ቆም ማለት ይገባኛል፤ ምክንያቱም በሥራዬ ውስጥ እንደ እርሷ ብዙ ጊዜ የምሰማት ቃል የለችም። ማላን ባስተማረው የግጭት ሦስት ማዕዘን አንደኛው ጥግ ላይ የተደበቀው ስሜት፣ ሁለተኛው ላይ ያ ስሜት ሊወጣ ሲል የሚነሣው ጭንቀት፣ ሦስተኛው ላይ ጭንቀቱን ለማምለጥ የምንጠቀምበት መከላከያ ይቀመጣሉ። «ሆድ ይፍጀው» በአንዲት ሐረግ ሦስቱንም ትይዛለች። የሚፋጅ ነገር እንዳለ ታምናለች፤ ቢወጣ እንደሚያስፈራ ታሳውቃለች፤ በሆድ ውስጥ እንዲቀር ደግሞ ታዝዛለች። ፒተር ሲፍኒዮስ ስሜታቸውን በቃል መግለጽ ለሚሳናቸው ሰዎች አሌክሲታይሚያ የሚል ስም አውጥቶላቸዋል፤ እኛ ዘንድ ግን «ሆዴ ባባ»፣ «ሆድ ባሰኝ»፣ «ልቤን አፈነኝ» የሚል ሰው ስሜቱን አጥቶት ሳይሆን አካሉ ላይ አስቀምጦት ነው የሚናገረው፤ አማካሪው ይህን ሳይለይ ወደ ጨጓራ ምርመራ ብቻ ቢልከው ሰውየው የተናገረውን ሳይሰማው ቀረ ማለት ነው። በርግጥ የአካል ምርመራውም ሊታለፍ አይገባም፤ ሁለቱም መሄድ ያለባቸው ጎን ለጎን ነው።

በአራተኛው ሳምንት ወረቀት አውጥተን ሉቦርስኪ ባሳየው መንገድ የሦስቱን እጮኝነቶች፣ የአያቱንና የአንድ የቀድሞ ሸሪኩን ታሪክ አንድ በአንድ ደረደርን። በእያንዳንዱ ታሪክ ሦስት ነገር እንፈልጋለን፤ ሰውየው ከሌላው ምን ፈለገ፣ ሌላው ምን መለሰለት፣ እርሱስ በመልሱ ምን ሆነ። ከአምስት ታሪኮች አንድ ዐረፍተ ነገር ወጣ፤ የጻፈውም እርሱ ራሱ ነው። «እውነቱን ነግሮኝ አብሮኝ የሚቀር ሰው እፈልጋለሁ፤ ሰዎች ግን እየዋሹኝ ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ሳይዋሹኝ በፊት እየሳቅሁ እሄዳለሁ።» ሲያነበው «ሳይዋሹኝ በፊት» የምትለዋ ጋ ደረሰና ሳቁ ቆመ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋና ጉዳያችን ይህ ሆነ። በሌላ ቀን ስለ ንግዱ ዕዳ ወይም ስለ ወንድሙ ጠባይ ሲያነሣ አዳምጠዋለሁ፤ ነገር ግን ወደዚህ ዐረፍተ ነገር የሚወስድ መንገድ ካለው ብቻ እከተለዋለሁ። ይህ ለጀማሪ አማካሪ ጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ ዐሥራ ስድስት ሳምንት ግን ለሁሉም ነገር አይበቃም፤ ለአንድ ነገር ግን ይበቃል።

የጥያቄውና የማሳያው ሥራ በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የተባለውን ማጥራት አለ፤ «ተይኝ ያልሃት ዕለት ጠዋት ምን ሆኖ ነበር?» ቀጥሎ ሰውየው ራሱ የማያስተውለውን ማሳየት አለ፤ «ስለ እናትህ ስታወራ ትስቃለህ፤ አይተኸዋል?» ትርጓሜ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እርሱም አጭር መሆን አለበት። ዳቫንሉ መከላከያውን በተደጋጋሚ በመግፋት የተደበቀውን ስሜት በፍጥነት የሚያወጣ ስልት ነበረው፤ ሥራውን በቪዲዮ እየቀረጸ ያስተምርም ነበር። ስልቱን አከብረዋለሁ፤ ይሉኝታ ከባድ በሆነበት በእኛ አካባቢ ግን በልምድ ያልበሰለ አማካሪ እንዲጠቀምበት አልመክርም። ሲገፋ «እሺ፣ ልክ ነሽ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እሺታው ግን ራሱ ሌላ መከላከያ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት አይመጣም።

አንድ ቀን ደግሞ ከበርጫ ተነሥቶ መጣ። ያን ዕለት 50 ደቂቃውን ሙሉ እንደ ወንዝ ተናገረ፤ ስለ እናቱ፣ ስለ ጣቢያው፣ ስለ ሁሉም ነገር፤ እኔም ትልቅ እርምጃ መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት የተናገረውን ሁሉ ያስታውሰዋል፤ የተሰማው ነገር ግን የለም። የሌላ ሰው ታሪክ እንደሚያስታውስ ነበር። በምርቃና ጊዜ ቃሉ ከስሜቱ ተለይቶ ብቻውን ይሄዳል፤ በድሬና በሐረር የሚሠራ አማካሪ ይህን ማወቅ አለበት። ከዚያ ወዲያ በቀጠሯችን ቀን ሳይቅም እንዲመጣ ተስማማን። ስለ ጫት ጥሩነትና መጥፎነት አልተከራከርንም፤ ያ ዋና ጉዳያችን አልነበረም።

ዘጠነኛው ሳምንት ላይ የሆነውን አልረሳውም። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሙቀቱ ከባድ ነው። አያቱ ጣቢያ ድረስ መጥተው እጁን ይዘው እንዴት እንደ መለሱት እየተናገረ ሳለ ድምፁ ተያዘ። «አይዞህ» የሚለው ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። በእኛ ባህል ሰው ዓይኑ ሲሞላ «አይዞህ» አለማለት ክፋት ነው፤ ቃሉም ደግ ቃል ነው። በዚያች ሰዓት ግን «አይዞህ» ማለት «በቃህ» ማለት ይሆን ነበር፤ ሁሉም ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ያለውም ያንኑ ነው። ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ ዝም አልሁ። መብራት ጠፋ፤ ቬንትሌተሩ እየዘገየ ቆመ፤ ክፍሉ ጸጥ አለ። ለረጅም ጊዜ መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየና «ዋሹኝ» አለ። ቀጥሎ፣ ከዚያ በፊት ጨርሶ ባልሰማሁት ድምፅ፣ «እሷም ዋሸችኝ፤ መጣሁ ብላኝ!» አለ። የሰውነቱን መንቀጥቀጥ አየሁት። እናቱን በሞት ያጣ ልጅ ሐዘን ይኖረዋል ብሎ ማንም ይገምታል፤ ለአሮጊት ጎረቤት ብላ እርሱን ትታው በወጣችው እናቱ ላይ ያለውን ቁጣ ግን እርሱም ራሱ አያውቀውም ነበር። ሕፃናት ከእናታቸው ሲለዩ መጀመሪያ ይቃወማሉ፣ ቀጥሎ ተስፋ ይቆርጣሉ፣ በመጨረሻም ደንታ የሌላቸው ይመስላሉ ብሎ እንግሊዛዊው የአእምሮ ሐኪም ጆን ቦልቢ ከባልደረባው ጄምስ ሮበርትሰን ጋር ያስተዋለው ነገር ትዝ አለኝ። ይህ ልጅ ደንታ ቢስ መስሎ ዐሥራ ስምንት ዓመት ኖሯል፤ መቃወም የጀመረው ገና ያን ዕለት ነበር።

ማላን ከግጭቱ ሦስት ማዕዘን ጋር የሚያያይዘው ሌላ ሦስት ማዕዘን አለው፤ የሰዎች ሦስት ማዕዘን። በአንደኛው ጥግ ጥንት የነበሩት ወላጆች፣ በሁለተኛው በዛሬው ሕይወት ያሉ ሰዎች፣ በሦስተኛው አማካሪው ይቆማሉ፤ በጥንቶቹ ላይ የነበረው ስሜት በአሁኖቹም በአማካሪውም ላይ ሳይታወቅ ይደገማል። ትራንስፈረንስ የሚባለው ይህ ነው። ቋንቋችን በዚህ ረገድ የሚገርም ነገር ያደርጋል፤ ሰው ገና ሰላምታ ሲሰጠኝ ቦታዬን ይመድብልኛል። አንዱ «እትዬ» ይለኛል፤ ሌላው «እማ» ይለኛል፤ አንዳንዱ በጥንቃቄ «ዶክተር» ይለኛል፤ ዶክተር አለመሆኔን ብነግረውም አይተወውም። ይህ ወጣት ከመጀመሪያው ቀን «እትዬ» እያለ፣ እንደ ድሬ ልጅ ወግ ግን በ«አንቺ» ነበር የሚያናግረኝ። መጠሪያውን አላርመውም፤ በልቤ ግን እመዘግበዋለሁ። ሌላም የመዘገብሁት ነገር ነበር፤ ቀጠሯችን ሲያልቅ ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆሞ «በይ መጣሁ» ብሎ ነበር የሚወጣው።

ከዚህ በፊት፣ ሥራውን በጀመርሁባቸው ዓመታት፣ አንዲት ሴት በዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት «አሁን ደህና ነኝ፣ ጊዜሽን ለባሰበት ሰው አድርጊው» ስትለኝ ደስ ብሎኝ ሸኝቻታለሁ። መዝገቡን የዘጋሁትም «ውጤታማ» ብዬ ነበር። በየወሩ በደንገጎ ዳገት ወጥቼ ሥራዬን የማሳያቸው ታላቅ ባልደረባዬ ሐረር ጀጎል ውስጥ ይኖራሉ፤ ይህንንም ነገርኋቸው። ዝም ብለው አዳምጠውኝ ሻዬን ጨመሩልኝና «መሰናበት ያልፈለገችው እሷ ናት ወይስ አንቺ?» አሉኝ። ጥያቄው አመመኝ፤ ምክንያቱም እኔ አባቴ ሲሞት አጠገቡ አልነበርሁም፤ ከዚያ ወዲህ የማንንም ሽኝት እስከ መጨረሻው ቆሜ አላውቅም። ያች ሴት ባሏ ሳይነግራት ዐረብ አገር የሄደባት ነበረች። ማድረግ የነበረብኝ አራቱን ሳምንት እንዳንተወው መጠየቅና «ከመለያየታችን በፊት ለመሄድ የፈለግሽበት ነገር ምንድን ነው?» ማለት ነበር። አልጠየቅኋትም፤ ስለዚህ ከእኔም ጋር ሳይነገር የቀረ መለያየት ተጨመረባት። ይህን ስሕተቴን የጻፍሁት ከሌላ ሰው በላይ ወጣት አማካሪዎች እንዲያዩት ነው፤ ይህ አሠራር ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው መጨረሻ ላይ ነው፣ የሚያበላሸውም ብዙውን ጊዜ አማካሪው ነው። የበላይ ባልደረባ ክትትል ሳይኖር መሠራት የለበትም የምለውም ከዚህ ተነሥቼ ነው።

ወጣቱ ከዐሥራ አንደኛው ሳምንት ጀምሮ ማርፈድ ያዘ። በዐሥራ ሁለተኛው ሃያ ደቂቃ አረፈደ፤ ሻል እንዳለው፣ እንቅልፉም እንደ ተመለሰ ነገረኝ። በዐሥራ ሦስተኛው አልመጣም፤ «እትዬ ሥራ በዝቶብኛል፣ እመጣለሁ» የሚል መልእክት በስልክ ላከልኝ። «ሰዓትህ ያንተ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ሰዓት እጠብቅሃለሁ» ብዬ መለስሁ። ክፍሉን ለሌላ ሰው አልሰጠሁም፤ 50ውን ደቂቃ ብቻዬን ተቀመጥሁ። ከደጅ የባጃጅ ጥሩንባ በተሰማ ቁጥር ወደ በሩ እያየሁ እንደ ነበር ያስተዋልሁት ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ነው።

በዐሥራ አራተኛው ሳምንት በሰዓቱ መጣ። ገና እንደ ተቀመጠ «ባለፈው ሳምንት ሳልመጣ ምን አደረግሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። አማካሪ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት ጥያቄውን መልሶ በጥያቄ መመለስ ይቀናዋል፤ ለዚህ ልጅ ግን ሁልጊዜ ውሸት ነው የተነገረው። «ጠበቅሁህ» አልሁት። «እስከ መጨረሻው?» አለኝ። «እስከ መጨረሻው። በሩን በሩን ሳይ ነበር» አልሁት። ፊቱ ተለወጠ። ያን ጊዜ ትርጓሜውን ሰጠሁት፤ «ይመስለኛል ያን ዕለት እኔን ጣቢያው ላይ አስቀምጠኸኝ ነበር። አንተ የጠበቅኸውን መጠበቅ እንዳውቀው ፈልገህ ይሆናል፤ ልክ እንደ እጮኞችህ። ካሌንደሩ ላይ የተከበበችው ቀን ስትቀርብ ደግሞ ቀድመኸኝ ለመሄድ ተነሣህ።» ሦስቱ ጥጎች፣ እናቱ፣ እጮኞቹና እኔ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር የተገናኙት ያን ዕለት ነው። ብዙ ቆይቶ «ታዲያ ካሌንደሩ ላይ ባትከብቢው ኖሮ አልሄድም ነበር» አለኝ፤ ቁጣ ነበረበት። እርሱም እውነት ነው። ቀኗ ባትከበብ ኖሮ ሁለታችንም በሕፃኑ ጊዜ ውስጥ ተመችቶን እንቀመጥ ነበር፤ ቁጣውም በእኔ ላይ ሳይመጣ፣ ሦስተኛዋ እጮኛ ላይ እንደ ወረደው አራተኛዋ ላይ ይወርድ ነበር።

በነገራችን ላይ ይህ አሠራር ለሁሉም ሰው አይሆንም። ከእውነታ ጋር ያለው ግንኙነት የተናጋበት ሰው፣ ራሱን ለመግደል የሚያስብ ሰው፣ ከባድ ሱስ ውስጥ ያለ ሰው፣ ወይም በየቀኑ ቤቱ ውስጥ የሚደበደብ ሰው በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ሕክምናና ደኅንነት ነው፤ ወደ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወይም ጥበቃ ወደሚያገኝበት ቦታ መላክ አለበት። ጸበል የሚሄዱትንና ሼህ ዘንድ የሚሄዱትንም አልከለክልም፤ አብሮ እንዲሄድ ነው የምጠይቀው። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ሰው ስቃዩን የማወቅ ፍላጎት ያለው፣ ቢያንስ አንድ ሰው በሕይወቱ ወድዶ የሚያውቅ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ትርጓሜ ሲቀርብለት የሚቆጣም ቢሆን የሚያስብበት ሰው ነው።

በዐሥራ አምስተኛው ሳምንት ቀኑ እንዲራዘምለት ጠየቀኝ። «ሁለት ሳምንት ብቻ ጨምሪልኝ» አለ። ልመናው ልቤን ነክቶታል፤ አልጨመርሁለትም። «እንድጨምርልህ ስለምትፈልግ ተቆጥተሃል፤ ልትቆጣም ይገባሃል፤ ግን ቀኑን የነገርሁህ እውነቱን ነው» አልሁት። ቀሪውን ሰዓት ስለ አያቱ አወራን፤ አሁን ሸምግለዋል፤ ለምን እንደ ዋሹት ሊጠይቃቸው ይፈልግ እንደ ሆነ አሰብንበት። ይጠይቃቸው አይጠይቃቸው እኔ አልወሰንሁለትም።

በመጨረሻው ቀን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ስለ ዐሥራ ስድስቱ ሳምንታት ተነጋገርን፤ ምን እንዳገኘ፣ ምን እንዳላገኘ፣ እኔ ላይ ምን ቅር እንዳለው። ቅር ያለው ነገር ነበር፤ በዘጠነኛው ሳምንት ሲያለቅስ ለምን «አይዞህ» እንዳላልሁት ጠየቀኝ። ምክንያቴን ነገርሁት። «ገብቶኛል፤ ግን ያን ቀን ብትይኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለ። ተቀበልሁት። ሰዓቱን አየና ተነሣ። በሩ ላይ ደርሶ እንደ ልማዱ «በይ መጣ...» ብሎ ቃሉን ሳይጨርሰው ቆመ። እጁ በሩ እጀታ ላይ እንዳለ ዞሮ አየኝ። «ደህና ሁኚ፣ እትዬ» አለኝ። «ደህና ሁን» አልሁት። እርምጃው ወደ ጣቢያው በኩል እየራቀ ሲሄድ ይሰማኝ ነበር። ሰዓታችን ሊያልቅ ገና ሁለት ደቂቃ ይቀረው ነበር፤ ተቀምጬ ጨረስሁት።